የአምባዛው ዮናስ

ሐምሌ 22 ቀን 2017

ይህ ደብተር ከምሠራበት ከኮሌጁ ላቦራቶሪ የተረፈ ነው። ፊተኛው ግማሽ በሌላ ሰው ቁጥር ተሞልቷል፤ ኋለኛው ግማሽ ንጹሕ ስለሆነ ከቅርጫት አወጣሁት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቆምሁ ወዲህ ያነበብሁት ሁሉ ቁራጭ ነው፤ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ካርቶን የሚወጣ ወረቀት፣ ዶክተሮቹ አጣጥፈው የሚጥሉት ገጽ። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ይኑረኝ ብዬ ነው የጀመርሁት።

ዛሬ ቆቅ ደሴት ሄድን፤ ዶክተር ሩሐማ፣ እኔና የኮሌጁን ጀልባ የሚነዳው አቶ ደሞዝ። የሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን የምሥራቅ ግድግዳ ኖራው ከድንጋዩ እየለቀቀ ነው። በዚያ ኖራ ላይ ያለው ሥዕል የአባቴ ነው። ዮናስን ዓሣ ሲውጠው ሣለ። ዓሣ አንበሪ በዓይኑ አይቶ ስለማያውቅ ግን የጣናን አምባዛ አደረገው፣ ከነጢሙ። የአገሩ ሰው «የአምባዛው ዮናስ» ይለዋል፤ ሕፃን ሆኜ በዚህ አፍር ነበር። አሁን ስንጥቁ በአምባዛው አፍ በኩል አልፎ ዮናስ እግር ደርሷል።

አስተዳዳሪው አባ ኪዳነ ወልድ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ መታ መታ አደረጉት። «ስሚው ወለተ ሩፋኤል፤ ከበሮ ሆኗል» አሉኝ። እውነትም ድው ድው ይላል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ክንዱ ሲሚንቶ አዘጋጅቶ ጨርሷል። «መስቀል እስኪያልፍ እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ወድቆ ሰው ከሚገድል ዮናስ ይቅርብኝ» አለ። ሲሚንቶ ከተለሰነበት ሥዕሉ አብሮ ይቀበራል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ያንን ግድግዳ ተደግፈው የሚቆሙት እናቱ ናቸው።

ዶክተር ኖራውን በፕሮቲን መልሳ ከድንጋዩ ልታጣብቅ ማሰቧን ለአባ ስታስረዳቸው፣ «የጥንቶቹ ኖራውን በእንቁላል ይለውሱት ነበር ይባላል» አሉ።

«ልክ ነው አባ፣ እንቁላልም ፕሮቲን አለው። የእኛው ግን ለኖራ ብቻ ተብሎ የተፈጠረ ነው። በኮምፒዩተር ነው የጻፍኩት።»

«እንቁላሉን ጻፍሽው? ዶሮዋስ?»

«ዶሮዋ ባክቴሪያ ናት አባ።»

አባ እስኪያስላቸው ሳቁ። ስንመለስ አቶ ደሞዝ ጀልባውን ቀስ አድርጎ ነዳ። ማዕበል አልነበረም። ለምን እንደዘገየ አላውቅም።

ሐምሌ 28

ዶክተር የምትሠራውን በሚገባኝ ልጻፈው።

ፕሮቲን ማለት ዶቃ የተሰካበት ክር ነው። ሃያ ዓይነት ዶቃ አለ። እሷ በኮምፒዩተር ዶቃውን እያቀያየረች ክሩ ሲታጠፍ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ፊት እንዲያወጣ ታደርገዋለች። በዚያ ፊት ላይ ኖራው መጥቶ ይቀመጣል። ኖራ ብቻውን ሲተው እንደ ጨው ኩብ ኩብ እየሆነ ያድጋል፤ ማዕዘኑም ሥዕሉን ከውስጥ ይገፋዋል። ፕሮቲኑ ካለ ግን ታንኳ እንደሚሠራበት ደንገል ቀጭን ቀጭን ሆኖ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ ልስኑን ከድንጋዩ ጋር ይሰፋዋል።

«እንዴት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ምንም አያውቅም እትዬ ወለተ። ሠርግ ላይ እንግዳ የሚያስቀምጥ ሰው የለም? እሱ ነው። አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ።»

ክሩን የሚፈትሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱን ማብላት የእኔ ሥራ ነው፤ ዱቄቱን መበጥበጥ፣ በእንፋሎት መቀቀል፣ ጠርሙሱን ማጠብ። ለግድግዳው በጀሪካን ስለሚያስፈልግ ፕሮቲኑን እንደ ወትሮው በደንብ አናጠራውም፤ ከነመረቁ ነው ለማለት ይቻላል።

ዛሬ ከዱቄቱ ካርቶን ውስጥ ያለችውን ወረቀት አነበብሁ። እስከ ዛሬ አላየኋትም ነበር። ዱቄቱ ከወተት የተሠራ ነው ትላለች።

ሐምሌ 30

ነገ ፍልሰታ ይገባል። ከወተት የመጣ ነገር፣ በጾም ተሠርቶ፣ ወደ ቤተ መቅደስ ግድግዳ። ያውም ወደ አባቴ ሥዕል። አባቴ በፍልሰታ ብሩሹን እንኳ በአመድ አጥቦ ነበር የሚይዝ።

ከመሸንቲ ገበያ ሽምብራ አመጣሁ። ቀቅዬ፣ በሻሽ አጥልዬ፣ ጨው ጨምሬ በዱቄቱ ፋንታ አዘጋጀሁት። ባክቴሪያ መብሉን ካገኘ ያድጋል፤ ሥራውን አይነካም። ስለዚህ ለማንም መንገር አላስፈለገኝም።

ነሐሴ 3

አድገዋል! ጠርሙሱ ውስጥ ደመና መስሏል። ሳያቸው ደስ አለኝ። እኔም እነሱም ሽምብራ እየበላን ነው።

ነሐሴ 5

የክፍሉ ጸሐፊ ሀኒ ከደረጃው ላይ ትጮሃለች። «ኸረ እዚህ ፎቅ ላይ ማነው ሽሮ የሚሠራው? ምሳ ሳይደርስ ፈጃችሁኝ እኮ!»

ዶክተር ከኮምፒዩተሯ ቀና ሳትል «እኔንም ሸቶኛል። ከታች ካለው ካፌ ይሆናል» አለች።

ጠርሙሴን ማጠቤን ቀጠልሁ።

ነሐሴ 9

መብራት ጠፋ። መሣሪያው ጠርሙሶቹን ሲወዘውዝ ካላደረ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። አቶ ደሞዝ ጄኔሬተሩን ሊያስነሣ መጥቶ፣ አስነሥቶ፣ ሳይሄድ ቀረ። ከዘጌ ያመጣውን የዘይቱን ፍሬ ይዞ ነበር። «ሾፌሮች እዚህ ምን ሥራ አላቸው?» ብትለው ሀኒ፣ «ጄኔሬተሩ ብቻውን ይፈራል» አላት።

ዘይቱኑ ጥሩ ነበር።

ነሐሴ 14

ዛሬ የመጀመሪያው ሙከራ። የኖራ ውሃ፣ የእኛ ፕሮቲን፣ ትንንሽ ሳህን። እንደ ደንገል ያለው ነገር ይታያል ብለን ማይክሮስኮፑ ላይ ተጎነበስን።

ምንም የለም። ኩቡም የለም። ውሃው እንደ ተቀዳ ጥርት ብሎ ቀርቷል።

ዶክተር ሳህኑን ደጋግማ አየችው። ከዚያ «ንድፉ ነው። ፊቱን ተሳስቻለሁ» አለች። ይህች ልጅ ስታዝን ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

ጠርሙሱን ደህና አላጠብሁት ይሆን? ሳሙና ቀርቶበት ይሆናል። ጥፋቱ ከእኔ ከሆነስ? ሁሉንም እንደገና በፈላ ውሃ አጠብሁ።

ነሐሴ 17

የጾሙ ፍቺ ትናንት ዓርብ ስለዋለ ዛሬ ነው የገደፍነው። አቶ ደሞዝ ዘንዘልማ ቤቴ ድረስ በባጃጅ መጥቶ ቀረሶ ዓሣ አመጣልኝ፤ ከደልጊ፣ ወንድሙ ያጠመደው። «በዚህ በኩል ሳልፍ ነው» አለ። ቤቴ የመንገዱ መጨረሻ ነው፤ ከእኔ ወዲያ ማሳ ነው።

ለባክቴሪያዎቹ ሽምብራውን አላቋረጥሁም። ለእኛ ጾሙ ቢያልቅም ረቡዕና ዓርብ አለ፤ እነሱ ደግሞ ቀን አይለዩም። የቤተ መቅደስ ነገር እስከ መጨረሻው ንጹሕ ይሁን።

ነሐሴ 22

ሁለተኛው ንድፍም ከሸፈ። ሦስተኛውም። ውሃው ጥርት እንዳለ ነው።

ሦስት ጊዜ ዶቃዋን ፈትታ ሰካች። ዛሬ ኮሪደር ላይ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «አይ እማዬ፣ አልታመምኩም። ምናልባት ተሳስቼ ነው እንጂ እኔ ለዚህ የተፈጠርኩ አይደለሁም። መስቀል ይለፍና ጠቅልዬ እመጣለሁ።»

ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ነው። ምሳ አልበላችም። የሽምብራ ቆሎ አስቀመጥሁላት፤ ሳታየው እጇን እየሰደደች ጨረሰችው።

ጠርሙሶቹን በአሲድ አጠብሁ። እጄን ትንሽ አቃጠለኝ። ምን ላድርግ? የማውቀው ማጠብ ነው።

ነሐሴ 30

አባ ደወሉ። ሌሊቱን በጣለው ዝናብ ከአምባዛው ጢም አንዱ ወድቋል። ሳይሰበር ስላገኙት በነጠላ ጠቅልለው በመቅደሱ መስኮት አስቀምጠውታል። «አይዞሽ፣ ዮናስ ገና ውስጥ ነው» አሉኝ።

አይዞኝ።

ጳጉሜ 3

ቀኑ ረጅም ነበር። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

የሩፋኤል በዓል ስለሆነ ደሴቱ በጀልባና በታንኳ ተከቧል። ከቅዳሴ በኋላ ዝናቡ ጀመረ፤ ሰው ሁሉ ጠበል ነው ብሎ ደጅ ወጣ፤ ሕፃናቱ ራቁታቸውን፣ እማሆዮቹ ከነነጠላቸው። ዶክተር ጃንጥላ ዘርግታ ነበር። አባ «ከሩፋኤል ዝናብ የምትሸሽ ሰው ዛሬ አየሁ» ቢሏት አጠፈችው። ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ስትቆም ከሰነበተው ድካሟ ትንሽ የታጠበ መሰለኝ።

አቶ ክንዱ በሰው መካከል መጣ። «እናንተ ሰዎች ይሄ የምታመጡት ነገር እንቁላል ነው አሉ። የጳጉሜን ጾም የያዘ ሰው በሞላበት፣ እንቁላል ይዛችሁ መቅደስ ልትገቡ?»

ሰው ዞር ዞር ብሎ ማየት ጀመረ። እኔ በሰው ፊት አልናገርም። ዛሬ ግን ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ድምፅ ወጣኝ።

«አቶ ክንዱ፣ እንቁላልም ወተትም የለበትም። የጾም ነው። ዱቄቱ ወተት ነበረው፤ እኔ ነኝ የለወጥሁት። ከፍልሰታ ጀምሮ በሽምብራ ነው ያሳደግኋቸው።»

አንዲት እማሆይ እልል አሉ። አቶ ደሞዝ ከጀልባው በኩል ሆኖ ሲያየኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁ።

ከኋላዬ ዶክተር ነበረች።

«እትዬ ወለተ። በምን አሉ?»

«በሽምብራ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፍልሰታ መግቢያ።»

እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። የሽሮው ሽታ ያን ጊዜ ነው የመጣላት መሰለኝ፤ አፍንጫዋን ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው፣ ነገረችኝ። ጥራጥሬ ውስጥ ኖራን አቅፎ የማይለቅ ነገር አለ። ከነመረቁ ስለምንጠቀም እሱ አብሮ ገብቷል። ኖራው ወደ ክሩ እንዳይመጣ የያዘው የእኔ ሽምብራ ነው።

«የመጀመሪያው ንድፍ ልክ ሊሆን ይችል ነበር እኮ» አለች። «ሦስት ጊዜ አፈረስኩት። ሦስት ጊዜ!»

ጠርሙስ ሳጥብ የከረምሁት ሴትዮ!

አባ ሁሉንም ሰምተው ጢማቸውን ዳበሱ። «ወለተ ሩፋኤል፤ እነዚያ ባክቴሪያዎች ተጠምቀዋል?»

«ኧረ አባ!»

«ንስሐ አባታቸው ማን ነው?»

«የላቸውም።»

«ታዲያ ማን ጹሙ አላቸው? ጾም ለሰው ነው። ለሰውም ቢሆን አራስና በሽተኛ ይፈቀድለታል። በሬ በፍልሰታ ሣር አይግጥም ብለሽ ታውቂያለሽ?» ከዚያ ወደ አቶ ክንዱ ዞሩ። «አንተም ስማ። የጥንቶቹ በእንቁላል ሲለውሱት ግድግዳው ገደፈ ያለ የለም።»

ዶክተር ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስታለቅስ ነው ብዬ ልይዛት ቀረብሁ። እየሳቀች ነበር። ዝናቡ ፊቷ ላይ ስለሚወርድ እንባም ካለ አይለይም። «ባክቴሪያዎቼን አስጾመችብኝ» እያለች ትስቃለች፤ እማሆይዋም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

በጀልባ ስንመለስ ግን ዶክተር ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። እኔ ገደል ውስጥ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። አቶ ደሞዝ መሪውን ይዞ፣ «አንድ ቁና ሽምብራ ጀልባ ሲያከብድ ዛሬ አየሁ» ብሎ ለራሱ ተናገረ። ዶክተር ፈገግ ስትል በጎን አየኋት።

ወደቡ ላይ ስንወርድ፣ «ነገ በማለዳ ይምጡ» አለችኝ። «ወተቱን ይዘን እንጀምራለን። ሌላ ጊዜ ግን ከቅዱሳን ጋር የሚማከሩትን ለእኔም ይንገሩኝ።»

ጳጉሜ 4

ዱቄቱን በጠበጥሁ። የምናሳድገው የመጀመሪያውን ንድፍ ነው። ደግነቱ ማክሰኞ ነው።

ጳጉሜ 5

ረቡዕ። የወተቱ ዱቄት መጨመር ነበረበት። ማንኪያውን ይዤ ስዘገይ ዶክተር አየችኝ፤ ተቀብላኝ ራሷ ጨመረችው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞር ብዬ ዘንባባዎቹ ላይ የሚወርደውን ዝናብ አየሁ።

መስከረም 1 ቀን 2018

እንኳን አደረሰኝ። አበባ ይዞ በር የሚያንኳኳ ልጅ ብቻ መስሎኝ ስከፍት አቶ ደሞዝም ነበር፤ አደይ ይዞ። «ልጆቹ ናቸው የሰጡኝ» አለ።

መስከረም 3

አደገ! አደገ!

ማይክሮስኮፑ ላይ መጀመሪያ እኔን አስቀመጠችኝ። ደንገል ነው። ነፋስ እንዳስተኛው የደንገል ዳር፣ ነጭ፣ ቀጭን፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተጋደመ። ፕሮቲን ባልገባበት ሳህን ደግሞ ኩቡ ጨው መስሎ ለብቻው ተቀምጧል። ዶክተር ጀርባዬ ላይ ተደፍታ «ቁጭ አሉ! እንግዶቹ ቁጭ አሉ!» ትላለች። ሀኒ ሮጣ መጣች፤ «ዛሬ ደግሞ ምን እየሸተተ ነው?» አለች። ምንም አይሸትም። ትንሽ ወተት ወተት።

መስከረም 8

ደሴት ላይ ነኝ። ዶክተር ተማሪ መፈተን ስላለባት ሥራውን አሳይታኝ ተመለሰች፤ በስልክ ትከታተለኛለች። ከእማሆዮቹ ዘንድ አድራለሁ። የኖራውን ውሃና ፕሮቲኑን በቀጭን መርፌ በስንጥቁ አስገባለሁ፤ እስኪጠጣ እጠብቃለሁ፤ ደግሜ አስገባለሁ። ቸኩዬ ብዙ ብገፋበት ልስኑ ይነሣል። እንደ ጥጃ ማጥባት ነው፣ በትዕግሥት።

ቀኑን ሙሉ ከአባቴ ጋር ነኝ ማለት ነው። ሥዕሉን በቅርብ ሳየው ያላወቅሁትን አየሁ፤ አምባዛው እየሳቀ ነው። ባለማወቅ የተሳለ ሳይሆን አውቆ የሣለው ይመስላል።

ጀሪካኑን የሚያመጣው ደሞዝ ነው። በየቀኑ ይመጣል። በየቀኑ ያስፈልጋል ወይ ብላ ዶክተር በስልክ ጠየቀችኝ። ያስፈልጋል አልኋት።

መስከረም 13

አቶ ክንዱ ሲሚንቶውን በጀልባ አምጥቶ ከደጀ ሰላሙ ሥር ደረደረው። በላስቲክ ሸፍኖታል። እያለፈ ግድግዳውን በሩቁ ያያል፤ አይነካም። ዛሬ ግን ቆሞ «ይህ ነገር እናቴ ራስ ላይ አይወርድም?» አለኝ። ሲሚንቶ የሚያስቸኩለው ይኸው ነው። እኔም እንደማላውቅ ነገርሁት። ውሸት መንገር አልቻልሁም።

ሌሊት ዝናብ ጣለ። አልተኛሁም። ምንም ሲወድቅ አልሰማሁም።

መስከረም 18

መስቀል ትናንት አለፈ። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ግድግዳው ሥር ተሰበሰቡ። ዶክተርም በማለዳው ጀልባ መጥታ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

አባ የጣታቸውን አንጓ አነሡ፤ ከዚያ ሐሳባቸውን ለውጠው «ክንዱ፣ አንተ ምታው። እኔ ካልሁት አታምንም» አሉት።

አቶ ክንዱ ከሥር ጀመረ። ከዮናስ እግር፣ ከአምባዛው ሆድ። ጆሮውን ለጥፎ መታ። ወደ አፉ ወጣ፤ ከበሮው የነበረበት እዚያ ነው። መታ። ደግሞ መታ። ድንጋይ ነው የሚመልስለት፣ ቅው የሚል፣ አጭር። ከዚያ እጁን ሁሉ ዘርግቶ በመዳፉ መታው። ግድግዳው ምንም አላለም።

«እማማ፣ ይጠጉ» አለ፤ እናቱ መጥተው እንደ ወትሯቸው ጀርባቸውን አስደገፉ።

ከዚያ በኋላ ጫጫታ ነው። ዶክተር አባን ልትስም ወይስ መስቀላቸውን ልትሳለም ግራ ገብቷት ሁለቱንም አደረገችው። አቶ ክንዱ «ሲሚንቶውን ታዲያ ምን ላድርገው?» ቢል አባ «የምእመናን ሽንት ቤት ከተጀመረ ስንት ዘመኑ?» አሉት።

የወደቀውን ጢም እኔ ነኝ የመለስሁት። ትንሽ ጠመም ብሏል። አባቴ ይስቅ ነበር።

ወደቡ ላይ ዶክተር ለእናቷ ደወለች። «አይ እማዬ፣ አልመጣም። ሌላ ግድግዳ አግኝተናል» ስትል ሰማሁ። የትኛውን ግድግዳ እንደሆነ ገና አልነገረችኝም።

ደሞዝ ረቡዕ ዓሣ ላምጣ ወይ አለኝ። ረቡዕ ጾም ነው አልሁት። እንግዲያስ ሐሙስ አለ። ሐሙስ አልሁት።

መስከረም 23

ደብተሩ ሊያልቅ ነው፤ የቀረችው ይህች ገጽ ናት። ትናንት የበላነውን ዓሣ ለመጻፍ ቦታ አይበቃም።

ዛሬ ዶክተር ስብሰባ ነበራት። ለአዲሱ ሥራ ባክቴሪያዎቹ መብላት ነበረባቸው። ዓርብ ነው። ዱቄቱን አወጣሁ፤ መስኮቱን አየሁ፤ ሣር የሚግጥ የሰው በሬ ከግቢው አጥር ወዲያ ነበር። እኔ ምሳዬን ሽምብራ በላሁ። ለእነሱ ወተቱን በጥብጬ ሰጠኋቸው።